ጭራቁ ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እኛ በልጅነታችን አንተኛም ስንል «ጭራቅ መጣ!» ወይም «አያ ጅቦን እጠራዋለሁ» እየተባልን አድገናል። የዛሬዎቹ ሕፃናት ግን ጭራቁን ራሳቸው ይጠሩታል። በቴሌቪዥንና በስልክ ሲያዩት ይውላሉ፤ ማታም በአሻንጉሊት መልክ ታቅፈውት ይተኛሉ። ይህን የተመለከቱ አንዳንድ ወላጆች «ልጆቻችን ክፉውን ከሕፃንነታቸው ጀምረው እየተላመዱት አይደለምን?» ይላሉ። ሥጋታቸው የሚናቅ ባለመሆኑ ነገሩን ቀረብ ብለን ልናየው ወደድን።

የጭራቁ ወዳጅነት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የተጀመረው «ሰሰሚ ስትሪት» የተባለው የልጆች ዝግጅት ጸጉራም ጭራቆችን ፊደልና ቁጥር እንዲያስተምሩ አደረጋቸው። ኩኪ ሞንስተር የተባለው ሰማያዊ ጭራቅ የሚበላው ሰውን ሳይሆን ብስኩት ነው፤ እርሱንም ቢሆን ወደ ሆዱ ከሚገባው መሬት ላይ የሚበተነው ይበልጣል። በደም መጣጭ አምሳል የተሠራው ካውንትም ሥራው ያገኘውን ሁሉ መቍጠር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያነጋገረን ግን ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው «ሞንስተርስ ኢንክ» የተባለው ፊልም ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ የጭራቆች ከተማ መብራቷን የምታገኘው ከሕፃናት ጩኸት ነው። ሠራተኞቹ ሌሊት ሌሊት በቁም ሣጥን በር እየገቡ ልጆችን ያስደነግጣሉ፤ ጩኸቱንም በዕቃ ያጠራቅማሉ። በማስደንገጥ የታወቀው ሰሊ ቀንዳምና ጸጉራም ነው፤ ሆኖም አንዲት ትንሽ ልጅ ባጋጣሚ እጁ ስትገባ ራራላትና ሊያድናት ተነሣ። አለቃው ዋተርኑስ ደግሞ ክራባት ያሰረ፣ እንደ አባት የሚናገር የተከበረ ሽማግሌ ነው። ድርጅቱ እንዳይወድቅበት ሲል ሕፃናት ታፍነው ጩኸታቸው በመኪና እንዲመጠጥ የተስማማው ይህ ሽማግሌ ነው። እንግዲህ በመልክ ሁለቱም ጭራቆች ናቸው። ልዩነታቸው አንዱ ልጅቷን እንደ ልጅ ሲያያት፣ ሌላው እንደ ማገዶ ማየቱ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ኅዳር 25 ቀን የሚነበበው ስንክሳር የቅዱስ መርቆሬዎስን ታሪክ ሲነግረን ገጻተ ከልብ ስለ ተባሉ ሁለት ፍጡራን ያወሳል። አያቱን በሉ፤ አባቱንም ሊበሉ ሲሉ በእግዚአብሔር መልአክ ተከለከሉ፤ ጠባያቸውም ተለውጦ የዋሃንና አገልጋዮች ሆኑ። ሠዓሊዎችም ከነውሻ ፊታቸው በሰማዕቱ አጠገብ ሥለዋቸዋል።

በላኤ ሰብስ? እርሱ የሰው ፊት ነበረው። ቀንድ አላበቀለም፤ ክራንቻም አልነበረውም። በተአምረ ማርያም እንደምንሰማው ግን ሰባ ስምንት ነፍስ በላ፤ ቤተ ሰቡንም አላስቀረም። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ታሪኩን የምንሰማው በእመቤታችን ስም ለለመነው ድኃ ጥርኝ ውኃ ስለ ሰጠና ምሕረት ስላገኘ ነው። ሆኖም የተበሉት ነፍሳት ሳይቈጠሩ አልቀሩም፤ በሚዛኑ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል።

በልጆቹ ፊልሞች ላይ የምናቀርበው ነቀፌታም ከዚሁ የመጣ ነው። ጸጉሩና ቀንዱ አይነቀፍም። ሰይጣን የብርሃን መልአክ እስኪመስል ራሱን እንደሚለውጥ ሐዋርያው በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥14 ነግሮናልና፣ «አስቀያሚውን ሽሽ» ብቻ የተባለ ልጅ መልከ መልካሙ አታላይ ሲመጣበት መጠበቂያ የለውም። የሚነቀፈው በአንዳንዶቹ ሥራዎች ውስጥ ጭራቆቹ ሁሉ ደጎች ሆነው መብላትና መበላት ጨርሶ መጥፋቱ ነው። «ሞንስተርስ ኢንክ» ከዚህ ነቀፌታ ነፃ ነው፤ ዋተርኑስን አልደበቀውም።

ወላጆችን ካነሣን ዘንድ የራሳችንንም አገር ጭራቅ እናንሣ። ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እያልን ስንት ዘመን ኖርን! ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን መስደብ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን ዛሬም ከአፋችን አልወጣም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ላይ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ መንፈሱን ሞላበት። በናዝሬትም ሰዎች ጌታችንን ጸራቢ ነው ብለው ተሰናከሉበት፤ ማርቆስ 6፥3። እኛስ? ሸክላ ሠሪዋ በእጅዋ የሠራችውን ጀበና ገዝተን ቤታችን ቡና እናፈላበታለን፤ እርስዋ ቤት ገብተን ቡናዋን ቅመሱ ብንባል ግን ምክንያት እንፈልጋለን። ልጅዋን ለማግባት የፈለገ ወንድማችንንም ዘመድ ሰብስበን እናስመክረዋለን።

ማንን በላች? ሰባ ስምንት ይቅርና አንድ ሰው እንኳ ጥሩ ብንባል ምስክር የለንም። በእኛ በኩል ግን ያልተዳረች ልጅ፣ ከትምህርት ቤት የቀረ ሕፃን፣ ከዕድር የተገለለች እናት አሉ። በሕፃናት ክፍል የምናስተምረው እኛ ነን። ልጆቹ ከሰሊ ጋር በአንድ ቀን ይታረቃሉ፤ ከሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ለመቀመጥ እንቢ የሚሉት ግን ስሟን ከእኛ ከታላላቆቻቸው ሰምተው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።