ስለ ሰው ሐዘን በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ወጣቶች

በእንግሊዝኛ የማጽናኛ ወይም የይቅርታ ደብዳቤ የሚጽፍ ወጣት ከወትሮው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ ደብዳቤውን የሚቀበለው ሰው በዚያች ሰዓት ልቡ ቆስሏልና እያንዳንዱ ቃል ይሰማዋል። ብዙውን ጊዜ የሚያሳስተው ፈሊጥ «ብሬክ ሰምዋንስ ሃርት»፣ ማለትም የሰውን ልብ መስበር፣ የሚለው ነው። አማርኛም «ልቡን ሰበረችው» ስለሚል ተማሪው ፈሊጡን አስቀድሞ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ የሚሳሳተውም በዚሁ መተማመን ነው።

በአማርኛ ልቡ የተሰበረ ሰው ያዘነም፣ ወኔው የከዳውም ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛው ግን በአብዛኛው ለሞት፣ ለፍቅር መክሸፍና ይህን ለመሰለ ከባድ ሐዘን የሚነገር ስለሆነ፣ በፈተና ውጤት ጥቂት የተከፋ ጓደኛን «አፕሴት» ወይም «ሳድ» የሚሉት ቃላት ይበቁታል፤ ወኔው የከዳውም «ዲስሃርትንድ» ይባላል።

ግሡ ባለፈ ጊዜ «ብሮክ» ይሆናል፤ የልቡ ባለቤትም በአገናዛቢ ተውላጠ ስም፣ ማለትም የማን መሆኑን በሚናገረው ቃል፣ ከ«ሃርት» በፊት ይገለጻል፤ «ሺ ብሮክ ሂዝ ሃርት» እንደማለት ነው። አማርኛ «የወላጆቹን ልብ ሰበረ» ሲል ልብን በነጠላ ይተወዋል፤ እንግሊዝኛ ግን «ሂ ብሮክ ሂዝ ፓረንትስ ሃርትስ» ብሎ ልቦቹንም ያበዛል።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት «ሃርትብሮክን» እና «ሃርትብሬኪንግ» የተባሉትን ቅጽሎች ማምታታት ነው። የመጀመሪያው ሐዘን የደረሰበትን ሰው፣ ሁለተኛው ሐዘን የሚያመጣውን ነገር ይገልጻሉ። ስለዚህ እናቷ ላረፉባት የሥራ ባልደረባው «ዩ አር ሃርትብሬኪንግ» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ልብሽ እንደተሰበረ ይሰማኛል ሊላት አስቦ የሰው ልብ የምትሰብሪ ነሽ ይላታል፤ «ሃርትብሬኪንግ» መባል የሚገባው መርዶው ነበር። በእርግጥ ቅጽሉን አስተካክሎ ቢጽፍም፣ ሐዘንተኛዋ ምን እንደሚሰማት ለራሷ መንገር ብዙም አያጽናናትም። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የተለመደው የጸሐፊውን የራሱን ሐዘን የሚገልጸው «አይ አም ሶ ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» የሚለው ሲሆን፣ በደረሰብሽ ሐዘን እጅግ አዝኛለሁ እንደማለት ነው። የፈሊጡን አገባብ ገና ያልጨበጠ ወጣት ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ይበቃዋል።