የተላከ ሰዓት

የእጅ ሰዓት የሚወድ ሰው ሰዓቶቹን ደርድሮ «ከሁሉ የሚበልጥብህ የቱ ነው?» ሲባል፣ ብዙ ጊዜ ውዱን ትቶ ታሪክ ያለውን ያነሳል። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅማ የማንም ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ይበቃል፤ አንድ ሰከንድ የማይስት ስልክ ደግሞ ማንም እንደዚያ አይወድም። ታዲያ የምንወደው መለኪያውን ካልሆነ ምኑን ነው?

ይህን ጥያቄ ይዤ ውድ ሰዓቶች ወደሚሸጡባት ጄኔቭ ድረስ አልሄድም፣ አርዲያ ትበቃኛለች። አርዲያ በኩዌት፣ ፈርዋኒያ አውራጃ ውስጥ ያለች ሰፈር ናት። ቤቶቿ በቁጥር በሚጠሩ ብሎኮች ተሰልፈዋል፣ የሰፈሩ ሰው የሚሸምትበት ጀምዒያ አላት፣ ወዲያ ማዶ የጋራዦችና የእጅ ሥራ መንደር አለ። በነዚያ ቤቶች ውስጥ ከሚሠሩት መካከል የኛ አገር ሴቶች አሉ። እንግዲህ ከደሴ ሄዳ አንዱ ቤት የገባች ልጅ እናስብ። ስም አንሰጣትም፤ እሷን የሚመስሉ ብዙ ናቸው። ለአባቷ ሴኮ ፋይቭ የሚባል ሰዓት ገዝታ ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው እጅ ላከች እንበል።

ሰዓቱ ስንት ወጣበት? ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ የቀን ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ተደንግጓል። በዓመቱ ዝቅተኛው የወር ደሞዝ 60 ዲናር ሆነ። ሕጉ በየቤቱ ይከበራል አይከበርም የሚለውን ለጊዜው እንተወውና በወረቀቱ እንሂድ። በወር 26 ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት፣ 312 ሰዓት ይሆናል። ሰዓቱ 30 ዲናር ቢያወጣ አባትየው እጅ ላይ የታሰረው የልጁ 156 ሰዓት ነው። ሌላ ዕቃም በድካም ይገዛል፤ ስኳርም፣ ብርድ ልብስም። ስኳሩ ግን አልቆ ይረሳል። ይሄኛው በ156 ሰዓት ተገዝቶ መልሶ ሰዓት ይቆጥራል፤ የአንዷ የተሸጠ ጊዜ የሌላው የራሱ ጊዜ ሆኖ ይውላል።

አርስቶትል ጊዜ የእንቅስቃሴ ቁጥር ነው ካለ በኋላ፣ የሚቆጥር ነፍስ ባይኖር ጊዜ ይኖር ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን ብዙዎች ስለ ዓለም አፈጣጠር አድርገው ያነቡታል። አርዲያ ላይ ሆኖ ሲነበብ ግን ነገሩ ወደ ቤት ይገባል። እንቅስቃሴው የልጅቷ ነው፦ መጥረግ፣ ማጠብ፣ ሕፃን ማባበል። ቆጠራው ደግሞ የአሠሪዋ የማዳም ነው። ነፍስ አልጠፋም፣ የምትንቀሳቀሰዋና የምትቆጥረዋ ተለያዩ እንጂ። በተለይ ስልክ በሚከለከልበት ቤት፣ እጅ ላይ ያለች ርካሽ የካሲዮ ሰዓት ቆጠራውን በከፊል ለልጅቷ ትመልሳለች። ስንት ሰዓት እንደቆመች ራሷ ታውቃለች፣ ባትከራከርበትም።

አርዲያና ደሴ፣ ሰው ልብ አይለውም እንጂ፣ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። ማዳም ጠዋት ሰባት ስትል ደሴ ላይ እናት አንድ ትላለች። ቁጥሮቹ በሰዓቱ ገጽ ላይ ፊት ለፊት ናቸው፦ ከ7 ትይዩ 1፣ ከ9 ትይዩ 3። ስለዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ባለ ቆጣሪ ሰዓት ያሰረ ሀበሻ አጭሩ ቆጣሪ የቆመበትን ትቶ ትይዩውን ያነብባል፣ ሒሳብም አያስፈልገውም። ፀሐይዋ ግን አትተባበርም። ሰኔ ላይ ኩዌት ውስጥ የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ የኛ አቆጣጠር ከፀሐይ ጋር የሚስማማው ቀንና ሌሊት እኩል በሚመስሉበት አገራችን ነው።

አሁን ሰዓቱ ደሴ ደርሷል። ሴኮ ፋይቭ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ሰዓት ነው፤ ወልቆ ከተቀመጠ ሁለት ቀን ሳይሞላ ይቆማል። በ3 ቁጥር በኩል ዕለቱና ቀኑ የሚታዩባት መስኮት አለች፣ ለዐረብ አገር ገበያ በተሠሩት ላይ ዕለቱ በዐረብኛም ይጻፋል። አባትየው በ4 ቁጥር አጠገብ የተሸጎጠችውን ቁልፍ ሳብ አድርጎ በሀበሻ ሰዓት ያስተካክለዋል። ያን ጊዜ ፋብሪካው ያላሰበው ነገር ይከሰታል። ቀን መቀየሪያው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ፣ በየሁለተኛው ዙር ይሠራል። በሀበሻ አቆጣጠር 12 ንጋት ወይም ምሽት ስለሆነ ዕለቱ እኩለ ሌሊት ላይ መቀየሩን ይተዋል። ቆጣሪዎቹን አንድ ዙር በመጨመር ወይም በመተው ንጋት ላይ እንዲለወጥ ማድረግ ይቻላል፤ አባትየው ሙስሊም ከሆነና ዕለቱን ከመግሪብ የሚቆጥር ከሆነም ምሽት ላይ። መሣሪያው ሳይፈታ ለባለቤቱ ቀን ይገዛል።

ይህን ካየሁ በኋላ የጃንሆይ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ያን ያህል አያስቀናኝም። ቁጥሩ 2497 የሆነው ያ የወርቅ ሰዓት የወሩን ርዝመትና ሠግር ዓመትን ራሱ የሚያውቅ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ለጨረታ ሊቀርብ ሲል በባለቤትነት ክርክር ከጨረታው ወጣ፣ በ2017 ጄኔቭ ላይ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። የሚያውቀው ካሌንደር ግን የፈረንጁን ነው። ጳጉሜን አያውቅም፤ የንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ዓመት ሲገባ እሱ ገና የሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ አልደረሰም፣ ዓመቱም ለሱ ያው ነው። የተሸጠው ታሪኩ ነው። ገዢው ግን በታሪኩ ውስጥ አልነበረም፤ ከውጭ ሆኖ ከፈለበት እንጂ።

ፓቴክ ፊሊፕ በማስታወቂያው ሰዓቱ የአንተ አይደለም፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ትጠብቀዋለህ የሚል አሳብ ያስተላልፋል። ከኛ አደራ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን በዚያ አሳብ አደራው ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ከአባት ወደ ልጅ። ከአርዲያ የመጣው ግን ከልጅ ወደ አባት ወጥቷል። ውርስ ሟች የተወው ነው፤ ይሄኛው በሕይወት ካለች፣ እዚያው ቆማ እየሠራች ካለች ልጅ የመጣ ነው። ስለዚህ አባትየው ሰዓቱን እንደ ንብረት ሊይዘው አይችልም፣ ላውሰው እንኳ ቢል ያፍራል።

ችግሩ ቀጥሎ ነው። አባት ሲያልፍ ሰዓቱ እንደ ልማዳችን ለወንድ ልጅ ይሆናል፤ እሱም ከሃያ ዓመት በኋላ ለልጆቹ ሲያሳይ የአያታችሁ ነው ይላል። እውነቱን ነው የሚናገረው። ግን ያ 156 ሰዓት ከታሪኩ ወጥቶ ይቀራል። ሰዓት ታሪክ አለው ስንል ታሪኩን የሚነግረን ያሰረው ሰው ነው፤ የከፈለችው ካልተጠየቀች ለታሪኩ እንግዳ ትሆናለች። እኔ ከሰዓት ሰብሳቢዎች አንድ ልማድ ብንወስድ ደስ ይለኛል፣ በሰዓት ጀርባ ላይ ጽሑፍ ማስቀረጽን። ወርቅ ሠሪ ዘንድ ረጅም ሥራ አይደለም። አንዳንዱ ሴኮ ፋይቭ ጀርባው መስታወት ነው፤ ቢሆንም በብረቱ ጠርዝ ላይ ለልጅቷ ስምና አርዲያ ለሚለው ቃል የሚሆን ቦታ አይጠፋም።