ዘጠና ስድስቱ ረድፎች

አንድ ታላቅ ወንድም፣ አንዲት እህትና አንድ ታናሽ ወንድም በዕቁብ ብር አንዲት መኪና ገዙ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነበርና የኤሌክትሪክ መኪና ፈለጉ። ኪሳቸው የቻለው አንዲት ያገለገለች ኒሳን ሊፍ ነው። አዲስ ሳለች አንዴ ቻርጅ ተደርጋ 117 ኪሎ ሜትር ያህል የምትሄድ ዓይነት ናት። እነሱ እጅ ስትገባ ግን የባትሪዋን ጤና ከሚያሳዩት 12 መስመሮች የቀሩት 8 ብቻ ነበሩ። ባትሪዋ የራሱ ማቀዝቀዣ የለውም፤ የወጣትነት ዘመኗንም ያሳለፈችው በሙቀት አገር ነው።

ታላቁ ቀን ቀን በታክሲነት ይሠራባታል፤ ታናሹ ማታ ይረከባል፤ እህት ሒሳብ ትይዛለች። በየሳምንቱ ሁለቱ ወንድማማቾች እኩል ብር እንዲያስገቡ ተስማሙ። ፍትሐዊ ስምምነት ይመስል ነበር።

ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሁለት ችግር አንድ ላይ መጣ። መኪናዋ የሽሮ ሜዳን ዳገት ስትይዝ፣ ባትሪው ገና አለኝ እያለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የኤሊ ምልክት ይበራና ጉልበቷ ድክም ይላል። ቤት ስትገባ ደግሞ አንዳንድ ሌሊት ቻርጅ አልቀበልም ትላለች። ሁለተኛው ችግር ታናሹ ነው። ሳምንታዊ ገቢው ይጎድል ጀመር፤ ጉድለቱ በእህት መዝገብ ላይ ዕዳ እየሆነ ተደመረ። ታላቁ ስለ መኪናዋም ስለ ወንድሙም የደረሰበት ፍርድ አንድ ነበር፤ የማይሠራውን አውጥቶ መጣል።

ሁለት ጋራዥ ሄዶ ሁለቱም «ባትሪው ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይር» አሉት። አንዳቸውም አልለኩም። እኔ በዚህ እቆጣለሁ፤ ሳይለኩ ሞተ ማለት የሰውን ጥሪት መቅበር ነው። በመጨረሻ እህት ጎተራ አካባቢ በአንድ ጠባብ ጋራዥ ወደምትሠራ ወጣት ባለሙያ ወሰደችው።

«ልጄ፣ አንቺም ሞቷል የምትዪኝ ከሆነ ጊዜዬን አታባክኚ» አላት።

«ጋሼ፣ ለክቶ ያየው ሰው አለ?»

«የለም።»

መጀመሪያ ያየችው ባትሪውን ሳይሆን የቤቱን ግድግዳ ነው። ሶኬቱ የኧርዝ ሽቦ አልነበረውም፤ የቻርጅ ገመዱ ኧርዝ ሲያጣ ሰው እንዳይነዝር ብሎ ሥራ ያቆማል። ከዚያ ኮፈኑን ከፍታ ትንሹን የ12 ቮልት ባትሪ ለካች፤ ደክሟል። እሱ ከደከመ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናዋ አትነቃም። ሁለቱ በአንድ ከሰዓት ተስተካከሉና ሌሊት ቻርጅ አልቀበልም ማለቷ ቀረ።

የዳገቱ ነገር ግን አልተፈታም። ልጅቷ ከመሪው ሥር ትንሽ መሣሪያ ሰክታ ስልኳን ለታላቁ አሳየችው። የባትሪው 192 ሴሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በ96 ረድፍ ተያይዘዋል፤ ስልኩ ላይ እያንዳንዱ ረድፍ እንደ ቋሚ መስመር ቆሟል። ዘጠና ሦስቱ እኩል ናቸው፤ ሦስቱ ዝቅ ብለዋል።

«ጅረቱ በሁሉም ውስጥ ተራ በተራ ነው የሚያልፈው» አለችው። «አንዱ ረድፍ ባዶ ከሆነ ሌሎቹ የያዙትን ይዘው ይቆማሉ። ተቆጣጣሪው ያንን አንዱን እንዳያቃጥል ብሎ ኤሊዋን ያበራል።»

«እንግዲያው ሦስቱን አውጥተሽ ጣያቸው።»

«ዝቅ ያለ ሁሉ ያለቀ አይደለም ጋሼ። ወደ ኋላ የቀረም አለ። ቻርጁን የሚነቅሉት ሞልቶ ሲያበቃ ነው?»

«ኧረ የት! ገና ሳይነጋ ነቅዬ እወጣለሁ።»

የሞሉት ረድፎች ከላያቸው ትንሽ ትንሽ በሙቀት መልክ እየለቀቁ ወደ ኋላ የቀረው እንዲደርስባቸው ጊዜ እንደሚሰጡ ነገረችው። በጣም አዝጋሚ ሥራ ነው፤ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። ሁልጊዜ የሚጣደፍ ሰው ግን ዕድሉን ይነፍጋቸዋል፤ ልዩነቱም ከሳምንት ሳምንት ይሰፋል።

መኪናዋን ሳምንት አቆየቻት፤ በቀስታ ሞላች፣ አሳረፈች፣ እንደገና ሞላች። ከዚያ ታላቁን አሳፍራ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣች። ዳገት ብዙ ጅረት ስለሚስብ የደከመ ረድፍ እዚያ አይደበቅም። ዝቅ ብለው ከነበሩት ሦስቱ ሁለቱ ከጓዶቻቸው ጋር እኩል ወጡ። አንደኛው ግን ጭነቱ ሲበዛ ቁልቁል ወረደ።

«ያ በእርግጥ ደክሟል፤ ይቀየራል» አለች። «ሁለቱ ግን ምንም አልሆኑም። ዕድሜው ከዚህ ባትሪ የሚቀራረብ ያገለገለ ክፍል እፈልግለታለሁ። ከመግጠሜ በፊትም ቮልቱን ከሌሎቹ ጋር አስተካክላለሁ፤ አለዚያ አዲሱ ገብቶ ልዩነት ይፈጥራል።» እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ነገር ሰው በባዶ እጁ አይነካውም ብላም ሁሉም ከአጠገቧ እንዲርቁ ጠየቀች።

በተረከቡበት ቀን ሦስቱም መጡ። ልጅቷ ባትሪውን ባዶ እስኪሆን መንዳት እንደሚጎዳው ስትመክር ታላቁን ጠየቀችው፤ «ማታ የሚያስረክቡት ስንት በመቶ ላይ ነው?»

«ቢበዛ 15።»

«ከዚያ ቤት ተሰክታ ትቆያለች?»

ታናሹ ነበር የመለሰው፤ «አዎ፣ እስክትነሳ።»

ጣቷን አንስታ አሰላች። የቤቱ ሶኬት 220 ቮልት በ10 አምፔር ሲሰጥ በሰዓት የሚገባው 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ለአንድ ማታ ሥራ የሚበቃ እስኪሞላ ሦስት አራት ሰዓት ይሄዳል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ከዚያም በላይ። ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ወደ ቤቱ ታክሲ በሚፈልግበት ጊዜ፣ መኪናዋ ግድግዳ ሥር ቆማ ታመሻለች።

ልጅቷ ያሰበችው ለባትሪው ነበር። ታላቁ ግን ዞሮ ወንድሙን አየው። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ጋሼ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ነግሬህ ነበር። ‹ሁላችንም አንድ መኪና ነው የያዝነው› አልከኝ።»

እህት እዚያው ጋራዡ በር ላይ መዝገቧን አወጣች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው የእያንዳንዱን ማታ የሥራ ሰዓት አስታወሱ፤ ቻርጅ የበላው ተቀነሰ፤ የቀረው ተሰላ። የዕዳው ትልቁ ክፍል ከታናሹ ስም ላይ ተነሳ። ታላቁ ራሱ በእስክሪብቶ ሰረዘውና ከእንግዲህ እሱም ከግማሽ በታች ሳያወርድ እንደሚያስረክባት ከጎኑ ጻፈ።

ጥቂት ብር ግን ሳይሰረዝ ቀረ። መኪናዋ ሞልታ ሳለች ታናሹ ያልወጣባቸው ማታዎች ዕዳ ነበር። እህት ልታልፈው ስትል ታናሹ መዝገቡን ተቀበላትና «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ፈረመበት።