ጸጥታው የማን ነው?

በየሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። ሁለት ቃል ናት። ግን ይከበር የተባለው ጸጥታ የማን ነው? የሠራተኛዋ ነው? የአንባቢው ነው? ወይስ ጥግ ይዞ ከጓደኛው ጋር እየተጓተተ የሚስቀው የ15 ዓመት ጐረምሳም ድርሻ አለው?

እዚህ አሶሳ ጥያቄው የፍልስፍና ክፍል ጥያቄ ብቻ አይደለም። ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ ወዴት ይሂድ? ቤት ቢገባ ውኃ ቅዳ፣ ሕፃን ያዝ ነው፤ ሻይ ቤት ልቀመጥ ቢል ገንዘብ ይጠየቃል። ሳያስከፍል፣ ሥራም ሳያዝ ወንበር የሚሰጠው ንባብ ቤት ነው። ስለዚህ ይመጣል። ሦስት አራት ሆነው ይመጣሉ፤ አንድ መጽሐፍ ይከፍታሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሹክሹክታው ጨዋታ፣ ጨዋታው ሳቅ ይሆናል። ሠራተኛዋ ጠረጴዛውን መታ መታ ታደርጋለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመታ «ውጡ!» ነው፤ ያጠፋውም ያላጠፋውም ተያይዞ ይወጣል። «የዘንድሮ ልጅ!» ይባልና ነገሩ በዚሁ ይዘጋል። (ወቃሾቹም በልጅነታቸው በዚችው ቃል ተወቅሰዋል፤ እሱን እንተወው።)

በመሠረቱ ዝም ብሎ ማንበብ ለእኛ የኋላ ትምህርት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል የሚቆጥረው፣ ግዕዙን፣ ውርዱን፣ ቁሙን የሚወጣው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ ማን እንደ ሳተ በጆሯቸው ያውቃሉ። በቁርኣን ቤትም እንዲሁ ነው፤ ልጆች የእንጨት ሰሌዳቸውን ይዘው በአንድነት ይቀራሉ፤ የሚጠረጠረው ዝም ያለው ልጅ ነው። በሌላውም ዓለም ቢሆን፣ አውግስጢኖስ የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ድምፅ ሳያሰማ ሲያነብ ማየቱን እንደ ልዩ ነገር ጽፎታል፤ ይህ በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። እንግዲህ ድምፅ ሁሉ የብልግና ምልክት ነው የሚለው አይጸናም።

«ኧረ ተው! እነዚህ እኮ ዳዊት እየደገሙ አይደለም፤ የሚያወሩት ስለ ኳስ ነው» ይለኝ ይሆናል አንባቢ። እውነት ነው። ከአጠገባቸውም አንዲት ልጅ አለች፤ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት እንበል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምታለች። ቤቷ ያላገኘችውን ሁለት ሰዓት እዚህ ልታገኝ መጥታለች፤ የነሱ ሳቅ ያን ሁለት ሰዓት ይሰርቃታል። ታዲያ ጸጥታው የሷ ነው? ወንበሩስ የነሱ አይደለም? የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፤ ሁለቱም መብት አላቸው፤ ቤቱ የተሠራው ለንባብ ነውና በክፍሉ ውስጥ የልጅቷ ይቀድማል። መቅደም ግን ሌላውን ማባረር አይደለም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን እንኳ ልጅን በዐዋቂ ሚዛን አይመዝንም። ከ9 ዓመት በታች ያለውን ከነጭራሹ አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ላለው ለብቻው ደንብ አለው፤ ከ15 እስከ 18 ላለውም ዳኛው ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል። ሕግ የሰረቀን ልጅ በዕድሜው ሲመዝነው፣ የሳቀውን «ሁለተኛ እንዳላይህ» ማለት ምን ይባላል?

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካማሺ፣ ኋላም በመተከል በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል፤ ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ ጢም አውጥቶ የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ ሲይዝ ምን ይሰማዋል? ሽፋኑን በክንዱ ይጋርዳል። ሰው ሲጠጋው ቀድሞ ይቀልዳል፣ ይጮኻል። ማንበብ ያልቻለ ከሚባል፣ ማንበብ የናቀ ቢባል ይሻለዋል። ይህን ጩኸት ጠረጴዛ መምታት ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ ልጁን ግን ወደ መጽሐፉ አይመልሰውም።

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ንባብ ቤት ከፍተው ነበር፤ ኋላም በአዋሳ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ተጭነው ልጆች ወዳሉበት ሄዱ። እዚያ መጽሐፉ ልጁን ፍለጋ ይሄዳል፤ እኛ በእግሩ የመጣውን እናስወጣለን።

ቅጣት አይኑር አልልም። ያጠፋው ብቻ፣ ለዕለቱ ብቻ ይውጣ፤ ነገ ሲመጣ የትናንቱ አይነሣበት። ከዚያ በፊት ግን በስሙ ይጠራ፤ የተበተነውን መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው መልስ ይባል። እጁ ሥራ ሲያገኝ አፉ ትንሽ ያርፋል። ሠራተኛዋንም እንዘንላት፤ አንድ ሰው መዝጋቢም፣ ጠባቂም፣ አስታራቂም አድርጎ አውሎ «ትዕግሥት የላትም» ማለት ግፍ ነው።

ጮክ ብለው ካላነበቡ የማይገባቸውን ደግሞ ውጭ ማስቀመጥ ይቻላል። አሶሳ የማንጎ ጥላ አላጣችም፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር ከሥሩ ቢደረግ እዚያ ይጠያየቁ፣ ይከራከሩ። ችግሩ ክረምት ሲገባ ነው። የአሶሳ ዝናብ ሲወርድ ሁሉም ተመልሶ ወደ ውስጥ ይጐርፋል፤ ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ያን ጊዜ «ጸጥታ!» ብትልም የሚሰማህ የለም።