በመጻሕፍት ሣጥን የወጣው ሰው

ልጆቼ፣ ባለፈው እሑድ የአንዱን ልጃችንን የሕግ ምረቃ ስናከብር ዋልን። ማታ እንግዳው ሲቀንስ ተመራቂውን አጠገቤ አስቀምጬ “ለመሆኑ የመመረቂያ ጽሑፍህ ስለ ምን ነበር?” አልኩት። ርእሱን እንኳ አስተካክሎ ሊነግረኝ አልቻለም። ለካስ ከፍሎ አስጽፎታል! ከዚያ የባሰው ደግሞ የጓደኞቹ መልስ ነው፦ “ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው እኮ፣ አባባ።”

እስቲ መጽሐፍን ከልቡ ስላነበበ ሰው፣ ስለ ሕግ ሊቁ ሁጎ ግሮቲየስ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1583 በሆላንድ፣ ደልፍት ከተማ ተወለደ። በ11 ዓመቱ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ15 ዓመቱ ኦርሌያን ላይ በሕግ ዶክትሬት ተቀበለ። ይህን ስትሰሙ በዶክትሬቱ እንደምትቀኑ አውቃለሁ። እኔን የሚያስቀናኝ ሣጥኑ ነው።

ሀገሩ በሃይማኖትና በሥልጣን ክርክር ስትታመስ በ1618 ተያዘ። በዓመቱ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ሉቨስታይን በሚባል ግንብ ታሰረ፤ ንብረቱም ተወረሰ። ወዳጆቹ መጽሐፍ በትልቅ ሣጥን ይልኩለታል፤ አንብቦ ሲጨርስ በዚያው ሣጥን ይመልሳል። እስር ቤት ሆኖ የሆላንድን ሕግ የሚያስተምር መጽሐፍ ጻፈ። ለመርከበኞችም ስለ ክርስትና እውነትነት በገዛ ቋንቋቸው ግጥም ገጠመላቸው፤ በሩቅ ሀገር ስለ እምነታቸው ሲጠየቁ መልስ እንዳያጡ። ጠባቂዎቹ መጀመሪያ ሣጥኑን ይፈትሹ ነበር። ሁልጊዜ መጽሐፍ ሲሆንባቸው ሰለቻቸውና ተዉት። ሚስቱ ማሪያ ይህን ልብ ብላ በማርች 22 ቀን 1621 ባሏን በሣጥኑ ውስጥ አስተኝታ አስወጣችው። በ1625 ፓሪስ ላይ ስለ ጦርነትና ሰላም ሕግ የጻፈውን አሳተመ፤ ዛሬም ዓለም አቀፍ ሕግ የሚማር ሰው ስሙን ሳይሰማ አያልፍም።

አስቡት እንግዲህ፤ ለይስሙላ የሚያነብ ሰው ቢሆን ኖሮ ያ ሣጥን ስንት ጊዜ በተመላለሰ ነበር?

እኔም የሕግ ተማሪ ሳለሁ ስለዚህ ሰው የሚያወራው መጽሐፍ ለክፍሉ በሙሉ አንድ ብቻ ነበር። ተራዬ ደርሶ ለአንድ ሌሊት ተሰጠኝ። መብራት ጠፍቶ ነበርና እናቴ እስኪነጋ ሻማ ይዛልኝ ምዕራፉን በደብተሬ ገለበጥኩ። ፊደል አታውቅም፤ ግን እጄ ሲዝል እያየች “አይዞህ ልጄ፣ አንዲት ቃል እንዳትዘልል” ትለኝ ነበር። ነፍሷን ይማርልኝ። ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ ሰሙ የነጠበበት ገጽ ሳይቀር።

የዚያን የተገዛ ጽሑፍ ነገር አልተውላችሁም፤ ሌላ የጻፈውን “የእኔ ነው” ብሎ መፈረም በሐሰት መመስከር ነው። ከአሥሩ ትእዛዛት የትኛውን እንደሚነካ ንስሐ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ነገ በዚያ ወረቀት ዳኛ ሆናችሁ በሰው ልጅ ላይ ልትፈርዱ ነው! ሁሉም ያደርገዋል ማለትስ ለማን መልስ ይሆናል? እግዚአብሔር ፊት የምንቆመው በየግላችን ነው።

ተመራቂውን ቅዳሜ ቤቴ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ያን ጽሑፍ ይዞ ይምጣ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን አብረን እናነበዋለን፣ ከዚያ በገዛ እጁ እንደገና ይጽፈዋል። የሚጽፍበትን ደብተር ገዝቼ አስቀምጫለሁ።