ድንቢጧና ዘላይዋ ሸረሪት



የአቡ ዑመይርን ታሪክ አብዛኞቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። የአነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም ነው። የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ሞተችበትና አዘነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዘኑን ሳይንቁ ስለ ወፏ እየጠየቁ አጫወቱት።

ልጁ ያዘነው ለሸረሪት ቢሆን ኖሮስ እኛ ምን እንለው ነበር? ሳንስቅ እናልፍ ነበር?

የምጠይቀው ስላፈርኩ ነው። በቀደም ጠዋት መስኮቴ ጫፍ ላይ ለድንቢጦች ፍርፋሪ አስቀመጥኩ። እዚያው ጥግ ላይ ጥፍሬን የምታክል ጸጉራም ሸረሪት አየሁና በጫማ ጨፈለቅኳት። ሁለቱንም ያደረገው ያው እጄ ነው፤ በመካከል አንድ ደቂቃ እንኳ አላለፈም።

በኋላ ሳነብ ዘላይ ሸረሪት መሆኗን ተረዳሁ። ይህች ድር ዘርግታ አትጠብቅም፤ አድብታ፣ ዘላ ነው የምትይዘው። ከመዝለሏ በፊት ብትስት እንዳትወድቅ ክሯን የቆመችበት ላይ ትለጥፋለች። ስምንት ዓይኖች አሏት፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ናቸው። ስንጠጋት ዞር ብላ ታየናለች። ሰው የምትጎዳም አይደለችም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የእንቅልፏ ነገር ነው። ዜብራ ፊንች የምትባል የአውስትራሊያ ወፍ አለች፤ ወንዱ ዜማውን ከአባቱ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ተኝቶ ሳለ አንጎሉ ሲያዜም የሚሠራውን ይደግማል። ይህ ብዙም አይገርመንም፤ ወፍ እንወዳለን። በ2022 ደግሞ ተመራማሪዎች ገና ትንንሽ የሆኑ ዘላይ ሸረሪቶችን ሌሊት ቀረጹ። በዚያ ዕድሜ የራሳቸው ቆዳ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የዓይናቸው ውስጥ ይታያል። ሕልም የሚያይ ሰው ዓይን እንደሚንቀሳቀስ፣ የእነሱም በእንቅልፍ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ እግራቸውም ይንፈራገጣል። ተመራማሪዎቹ ያልማሉ ብለው አልደመደሙም። እኔ ግን ጫማዬ ትዝ አለኝ።

ሁለቱ እኩል ናቸው አልልም። ድንቢጧ ራሷ ሸረሪት ብታገኝ ለጫጩቶቿ ትወስዳለች፤ እሷ ግን አትጠየቅም። እኔ እጠየቃለሁ። ለወፏ ያዘንኩት ስለምታዜምልኝ ብቻ ከሆነ፣ ያ እዝነት ነው ወይስ ደስታዬን መንከባከብ? እስካሁን አልመለስኩትም።

ትናንት ሌላ መጣች። ብርጭቆ ደፋሁባት፣ ከሥር ወረቀት አስገብቼ ወደ ውጭ አወጣኋት። ዞር ብላ አየችኝ። ድንቢጦቹ አጥሩ ላይ ነበሩ፤ ቅጠሉ ሥር እስክትገባ ቆሜ ጠበቅኋት።