አባትህ ጡረታ ወጥቶ ለምን ይሠራል?



ባለፈው ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፦ "ኡስታዝ፣ አባቴ በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጥቶም ደጃፋችን ላይ በሲንጀር ልብስ ይሰፋል። ሰው 'ልጆቹ ጣሉት' እያለን ነው፤ እንዲተው ይንገሩልን" አለኝ።

ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ የሚበሉት ከእጃቸው ሥራ ነበር፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩንን ቡኻሪ ዘግበውታል። የብረት ጥሩር ይሠሩ ነበር። ታዲያ ሲንጀሩ ምን ያሳፍራል?

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። "የጡረታው ብር ወሩን ያደርሰዋል?" ብዬ ስጠይቀው አያውቅም።

ወንድሜ፣ ወላጅ ተቸግሮ ልጅ አቅም ካለው ቀለቡ በልጁ ላይ ዋጂብ ነው፤ ስጦታ እንዳይመስልህ። ወዶ የሚሰፋ ከሆነ ክር ግዛለት። ቸግሮት ከሆነስ? ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጥና ጠይቀው። ሰው ፊት ግን አይሆንም፤ አባቶች ችግራቸውን ይደብቃሉ።